በሰማያዊው ቱቦ ያመነ ሰው

ጥቅል ጎመን ሦስት ጊዜ ሲቀቀል የሚሸተው፣ አንድ ጊዜ ሲቀቀል እንደሚሸተው አይደለም። የመጀመሪያው ውሃ የጎመን ሽታ አለው። ሁለተኛው እርጥብ ጨርቅ ይሸታል። ሦስተኛው ምንም የማይሸት መስሎ ግድግዳ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀመጣል። ዛሬም፣ ያ ሁሉ ዘመን አልፎ፣ ሰው ቤት ስገባ ከማድቤት በኩል ያ ሽታ ሽው ካለኝ እግሬ ደፍ ላይ ይያዛል። እህቴ ድስቱን በጨርቅ ይዛ ውሃውን ስትደፋ፣ ባሏም ማድቤቱ በር ላይ ተደግፎ «አንዴ ይቀረዋል» ሲላት ይታየኛል።

ባሏ የሥነ ሕይወት መምህር ነበር። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ ተማሪዎቹ እሱ በሌለበት «ምድጃው» ይሉታል። ወላጆቻችን ካለፉ በኋላ እነሱ ቤት ነው ያደግሁት። የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም፤ እንደ ሴት ልጃቸው ነበርኩ። እሱ አስተማረኝ፤ ስጨርስም እዚያው ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሥራ ይዤ ቀረሁ። ስለዚህ በቤትም በሥራም አውቀዋለሁ። አጠር ብሎ ትከሻው ሰፋ ያለ ሰው ነበር። የጣቶቹ ጫፍ ከኬሚካል ብዛት ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ጠመኔውን እንደ አናጢ እርሳስ ጆሮው ላይ ይሰካና ከዚያ በክፍሉ ሁሉ ሲፈልገው ይውላል። ልጆቹ ያዩታል፤ አይነግሩትም።

ምድጃ የሚለውን ስም ያወጣው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። የዓመቱን ትምህርት ሲጀምር ሰሌዳው ላይ ምንም ሳይጽፍ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «የሰው ልጅ ምድጃ ነው» ይላል።

«ጭሱ በየት ይወጣል ጋሼ?» ይላል ከኋላ ያለ አንድ ቀልደኛ። በየዓመቱ አንድ አይጠፋም።

«በአፍንጫህ! አሁን ያወጣኸው ትንፋሽ ምን መሰለህ? እሱ ነው ጭሱ።»

«አመዱስ?»

«እሱን በዕረፍት ሰዓት ራስህ ታገኘዋለህ።»

ሳቁ ካለቀ በኋላ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ምድጃው ግን አንድ አይደለም ይላል። በሰውነታችን ውስጥ ለቁጥር የሚያታክቱ ሕዋሳት አሉ፤ እያንዳንዷ ሕዋስ የራሷ ጉልቻ አላት። ግንዱን እንዳለ ብትማግደው ቤቱ ይቃጠላል። ስለዚህ ሕዋስ ስኳሩን ቀስ አድርጋ ትፈልጠዋለች፤ ከፍልጡ ያገኘችውን ኃይል እንደ ክብሪት እንጨት በትንሽ በትንሹ ታስቀምጠዋለች። ዓይንህን ስታርገበግብ አንዲት ክብሪት፣ ስታስብ ሌላ ክብሪት። «አንተ ስለማታስብ ይተርፍሃል» ይለዋል ያንን ቀልደኛ።

እንጨቱስ ከየት መጣ? ብሎ ራሱ ይጠይቃል፤ ወደ መስኮቱም ይሄዳል። ፀሐይ መብላት የሚችል ቅጠል ብቻ ነው። ከሥሩ ውሃ ይስባል፣ በጀርባው ባሉ ጥቃቅን አፎቹ አየር ይቀበላል፣ በአረንጓዴነቱ ብርሃንን ይዞ ሁለቱን ያጋባቸዋል። የሚወለደው ስኳር ነው። የዕለቱን ይበላል፤ የተረፈውን ስታርች አድርጎ በሥሩ፣ በግንዱ፣ በፍሬው ያከማቻል። እኛ ሌቦች ነን፤ ያንን ጎተራ ሰብረን እንበላለን። «እጃችሁን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉ። ሞቀ? ይኸ ሙቀት ያለፈው ዓመት ፀሐይ ነው።» ክፍሉ ሙሉ ልጅ ጉንጩን ይይዛል። እኔም በተራዬ ጉንጬን ይዣለሁ። የተማርኩት ብዙ ነገር ጠፍቶብኛል፤ ይኸ አልጠፋኝም።

አንድ ሌላ ልማድ ነበረው። ሙከራ ሲያሳይ ውጤቱን አስቀድሞ አይናገርም። «የምታዩትን ንገሩኝ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ለምን እንደሆነ የሚያስረዳው። መጽሐፍ ቀድሞ ያነበበ ልጅ «እንደዚህ ይሆናል» ካለው ይቆጣል። «የሚሆነውን አልጠየቅሁህም። ያየኸውን ነው የጠየቅሁህ።»

የስኳር ሙከራው ቀን ሁልጊዜም እንደ በዓል ነበር። ቤንዲክት የሚባል ሰማያዊ ፈሳሽ አለ። ስኳር ያለበት ነገር ላይ ጠብ አድርገህ ስታሞቀው መልኩን ይለውጣል፤ ትንሽ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ብዙ ከሆነ እንደ ሸክላ ጡብ ቀይ። ስኳር ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ጋሼ አራት የመስታወት መሞከሪያ ቱቦ ይደረድራል። በአንዱ የማር ውሃ፣ በሌላው የሽንኩርት ጭማቂ፣ በሦስተኛው የእንቁላል ነጭ። አራተኛው የራሱ ሽንት ነው፤ ከቤት በትንሽ ጠርሙስ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ያመጣዋል። ሴቶቹ አፋቸውን ይሸፍናሉ፣ ወንዶቹ ይንጫጫሉ፤ እሱ ግን ጉዳዩ አለው። «አካል ንፉግ ነው» ለማለት ነው። ኩላሊት ጨዉን ይደፋል፣ ውሃውን ይደፋል፤ ስኳሩን ግን ለቅሞ ይመልሳል። ማገዶውን ሜዳ የሚጥል ቤት የለምና። ስለዚህ አራተኛው ቱቦ በየዓመቱ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል።

ይህ ሁሉ በጀመረበት ዓመት የማመሳከሪያ መጻሕፍት ይዤለት ገብቼ ነበር፤ ሙከራው ስለደረሰ ቆሜ አየሁ። ማሩ ቀላ። ሽንኩርቱ ወደ ቢጫ ሄደ። እንቁላሉ አልተለወጠም። አራተኛው አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ከማሩ የባሰ ቀላ።

«ጋሼ ከማር በለጡ!» አለ ቀልደኛው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጋሼም ሳቀ። ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንስቶ አዞረው፣ አገላበጠው። «ቱቦው በደንብ አልታጠበም» አለና መደርደሪያው ላይ መለሰው። ትምህርቱን ቀጠለ። እኔ ግን ከሳቁ በኋላ ጠመኔውን ከጆሮው ላይ ለማውረድ ሦስት ጊዜ እንደሳተው አየሁ።

ከሥራ ስንመለስ ያንን ሰማያዊ ፈሳሽና አንድ ንጹሕ ቱቦ ይዞ ማድቤት ገባና በሩን ዘጋ። ሲወጣ እህቴ ልብስ መስፊያ ማሽኗ ላይ ነበረች፤ የሰው ልብስ እየሰፋች ነው የምትኖረው።

«ምንድን ነው የምታበስለው?» አለችው ቀና ሳትል። «አንተ ደግሞ ማድቤት መግባት ከጀመርክ ዝናብ ሊጥል ነው።»

«ስኳር ነው» አላት።

«ስኳሩማ ቆርቆሮው ውስጥ ነው።»

«እኔ ውስጥ ነው።»

ማሽኑ ቆመ። እህቴ ጨርቁን ከመርፌው ሥር ሳታወጣ ተነሣች። «ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አለች።

«አልሄድም።»

እዚህ ላይ ስለ ወንድሙ መናገር ያስፈልጋል። ታላቅ ወንድሙ ሾፌር ነበር፤ ይኸው የስኳር በሽታ ይዞት፣ ውሃ ጠማኝ ውሃ ጠማኝ እያለ ሲከርም፣ መጨረሻ ላይ ራሱን ስቶ ሆስፒታል አስገቡት። መርፌውን በወጉት በማግስቱ ሞተ። ቤተሰቡ ሁሉ «መርፌው ገደለው» ነው የሚለው። ጋሼ የተማረ ሰው ነው፤ ወንድሙን የገደለው መዘግየቱ እንጂ መርፌው እንዳልሆነ ለሌላ ሰው ቢሆን ሰሌዳ ላይ ስሎ ያስረዳ ነበር። ሬሳውን የተቀበለው ግን እሱ ነው። አእምሮው የሚያውቀውን ሆዱ አልቀበል አለ።

«ከዚያ በር የገባ ሰው ወደ ሰሌዳ አይመለስም» አለ። የፈራው ሞትን ብቻ አልነበረም። ጠዋት ጋዋኑን ለብሶ ያንን ክፍል መግባት ከቀረበት የሚሆነውን አያውቅም ነበር። ሌላ ሥራ፣ ሌላ ጨዋታ፣ ሌላ ወዳጅ ያልነበረው ሰው ነው።

እህቴ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አኮረፈችው። እሱ ከመደርደሪያው ላይ አሮጌውን መጽሐፍ አወረደ። ለመምህርነት ሲሠለጥን የተሰጠው፣ ጀርባው በሸራ የተለበጠ፣ ከእሱም ከእኔም በዕድሜ የሚበልጥ መጽሐፍ ነው። እኛ ሁላችን ያደግነው በእንደዚያ ዓይነት መጻሕፍት ነው፤ ሥዕሎቻቸው በእጅ የተሳሉ፣ ዐረፍተ ነገሮቻቸው ረጅምና የተከበሩ፣ ተሳስተዋል ብሎ ማሰብ ራሱ ብልግና የሚመስል። መጽሐፉ የስኳርን በሽታ የሚያውቀው መርፌው ከመለመዱ በፊት ነው። መድኃኒቱ ራብ ነው ይላል። እንጀራና ዳቦ፣ ሩዝና ድንች፣ ፍራፍሬም ይቅር፤ በሽተኛው አትክልት ይብላ፣ እሱም ውሃው እየተደፋ ሦስት ጊዜ የተቀቀለ።

«የሕዋሶቹ በር ተቆልፏል» ብሎ አስረዳን፣ በእግር እንደቆመ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሁሉ። «ቁልፉን የሚሠራው ቆሽት ነው፤ የእኔ ቆሽት ሰንፏል። ስለዚህ ስኳሩ ደጅ ላይ ተከምሮ ውስጥ ያሉት ይራባሉ። የተከመረው ነው በሽንት የሚፈሰው። ታዲያ ደጁ ላይ ካልከመርኩ ምን ይፈሳል?»

«ውስጥ ያሉትስ ምን ይበላሉ?» አለች እህቴ።

«ጥቅል ጎመን ሦስት ጊዜ ቀቅዪልኝ፣ ውሃውን እየደፋሽ» አላት።

እንደዚህ ነው ያ ሽታ ቤታችን የገባው።

በየማለዳው ማድቤት ገብቶ ቱቦውን ያሞቃል። ቀዩ ወደ ብርቱካን መጣ። ብርቱካኑ ወደ ቢጫ። አንድ ቀን እኔን ከአልጋ፣ እህቴን ከጓሮ ጠርቶ አረንጓዴ አሳየን። ከዚያ ሰማያዊ የሆነበት ጠዋት መጣ። ቱቦውን መስኮቱ ላይ አንስቶ እንደ ሕፃን ሳቀ።

«የምታዩትን ንገሩኝ!»

«ሰማያዊ ነው» አልኩት።

«አንቺስ?» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ።

«እኔ የማየው ሱሪህን ነው» አለች እህቴ። «በቀደም አጥብቤው ነበር። ዛሬም ይወርዳል።»

እውነቷን ነበር። ያ ሰፊ ትከሻ ልብስ መስቀያ መሰለ። እህቴ ሱሪውን በጎን ታጠብበዋለች፣ ቀበቶውን በወስፌ ትበሳዋለች፣ ጋዋኑን ትሰበስበዋለች፤ ደግሞ ትደግመዋለች። ትርፉን ጨርቅ ቆርጣ አትጥለውም ነበር፤ ወደ ውስጥ አጥፋ ትሰፋዋለች። «ሲመለስ እንዳልቸገር» ትላለች። የሚመለሰው ሥጋው ነው።

የሒሳብ መምህሩ፣ የልብ ወዳጁ ባይሆንም የሻይ ጓደኛው፣ አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ ውስጥ «ምድጃው፣ ማገዶ አለቀብህ እንዴ?» አለው።

«ቆጥቤ ነው የማነደው።»

«ቁጠባስ ደግ ነው። አንተ ግን የምታነደው ጉልቻውን ነው መሰለኝ።» ሰው ሳቀ። ጋሼም ፈገግ አለ። በሌላው ሳምንት ያው ሰው ሲያየው ቀልዱ አልመጣለትም፤ ወንበር ሳበለትና አጠገቡ ተቀመጠ።

ትንፋሹም ተለወጠ። በጣም የበሰለ፣ ሊበላሽ የደረሰ ፍሬ ይሸት ጀመር። እህቴ ምንድን ነው ስትለው ምንም እንዳልሆነ አድርጎ «ስብ ሲነድ የሚሸተው ነው» አላት።

«ቆይ» አለች፤ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ስንት ዓመት ትምህርትህን እዚህ ጠረጴዛ ላይ በእኔ ላይ ስትለማመድ ኖረሃል። የማልሰማህ መሰለህ? መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ያለችው ትንሿ ጓዳ ናት የምታልቀው። አይደል? ከዚያ ቆጡ ላይ የተሰቀለው ስብ። እሱ ሲያልቅስ?»

ጋሼ ቀበቶውን ወደ ላይ ሳበ።

«ንገረኛ፣ መምህር! ክፍሉ እየጠበቀ ነው።»

«ጡንቻው» አለ ቀስ ብሎ።

«በሩንና ምሰሶውን ነው የምትለው። ሰው ብርድ ሲይዘው የቤቱን ምሰሶ ነቅሎ ማንደድ ይጀምራል ያልከው አንተ ነህ። እንግዲህ ቤቱ የእኔም ነው።»

«ቱቦው ሰማያዊ ነው» አለ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይላሉ፤ ጋሼን ያሳሳቀው ያ ሰማያዊ ቱቦ ነው።

በዚያው ሰሞን የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት እንዳነብለት ይጠራኝ ጀመር። ፊደሎቹ ይዋኛሉ ይላል። አንድ ቀን የጠመኔው አቧራ ነው፣ ሌላ ቀን የእርሳሱ መደብዘዝ ነው። «ራብ ዓይንን ያደክማል፤ መልሼ ስበላ ይጠራል» አለኝ። እኔም አነበብኩለት። ሲሰማ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ የተሳሳተ መልስ ሲደርስ በጨፈነው ዓይኑ ይስቃል።

ከዚያ እህቴ ሥራዋን ሠራች።

አንድ ምሳ ሰዓት ለሱ ጎመኑን አቀረበች፣ ለእኔ ሩዝና እንቁላል። ራሷ ቁጭ ብላ ከሱ ሰሐን ጎመኑን ለሁለት ከፈለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየበላሁ ነዋ።»

«ያንቺ ቆሽት ደህና ነው እኮ!»

«ቆሽቴ ደህና ነው። ባሌ ነው ደህና ያልሆነው። በአንድ ቤት ሁለት ምግብ አይሠራም፤ ደክሞኛል።»

ቀልድ መስሎት ነበር። ማታም ያንኑ በላች። በማግስቱም። እኔ ተደብቄ ዳቦ ባቀርብላት በዓይኗ ገፋችው። ከሱ በላይ እሷን ማየት ይከብድ ነበር፤ እሱ ሲከሳ ምክንያት አለው፣ የሷ ግን ምክንያቱ እሱ ነው። ቀለበቷ ጣቷ ላይ መዞር ሲጀምር ክር ጠቅልላ አጠበበችው። የማሽኑን መርገጫ ስትረግጥ መሃል ላይ ታርፋለች። ጋሼ ይቆጣል፣ ይማጸናል፣ ሰሐኑን ይገፋል። «አንተ ብላ፣ እኔም እበላለሁ፤ አንተ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ እኔም ከዚህ ጠረጴዛ እነሣለሁ» ትለዋለች። ሌላ አትልም። እሷ ነገር አታበዛም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የማሽኑ ድምፅ እየሄደ ሳለ ተቋረጠ፣ መቀስ ሲወድቅ ሰማን። እህቴ ጭንቅላቷ የምትሰፋው ቀሚስ ላይ ነበር። ውሃ ስናፈስባት ነቃች፤ «የሰው ልብስ አበሰበሳችሁ» ነው ያለችው መጀመሪያ።

ጋሼ አልጋ ላይ ካስተኛናት በኋላ ከማድቤት ሁለት ቱቦ አመጣ። ለሷም ለራሱም ሠራ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። የሚያውቀው ሰውን መመርመሪያ ያ ብቻ ስለነበረ ይመስለኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ መስኮቱ ጋ ሄደ፣ ወደ ዓይኑ በጣም አስጠጋቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋቸው።

«የምታዪውን ንገሪኝ።»

«ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው።»

«ልዩነት የላቸውም?»

«የላቸውም ጋሼ።»

ወደ አልጋው አየ። ከንፈሯ የነጣ፣ የጉንጯ አጥንት የወጣ፣ ያቺ ትንሽ የቀረች ሴት የምታሳየው ቀለም ይኸው ነው፤ ለወራት ደስ ሲያሰኘው የኖረው ቀለም። ቀለሙ ስለ ራቡ ምንም አልተናገረም። ቱቦዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስተኛቸው፤ አንዱ ተንከባሎ ወድቆ ተሰበረ። አላነሣውም።

«ካፖርቴን ስጪኝ» አለኝ።

ሐኪም ቤት የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች፤ ፊቷ የደከመ፣ እጇ የማይቸኩል። ደሙን ወስዳ፣ ዓይኑን በመብራት አየችው። ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሽንትዎ ሰማያዊ ሆነ ማለት ደምዎ ጠራ ማለት አይደለም» አለችው። «ኩላሊት እንደ ግድብ ነው። ውሃው ከአፉ ሲያልፍ ነው የሚፈሰው። ከአፉ በታች ሲሆን አይፈስም እንጂ ሞልቷል። ያ ቀይ የሆነ ቀን በሽታው የጀመረበት አይደለም፤ ከዚያ በፊት ዓመታት አብሮዎት ኖሯል። ሰማያዊ ሲሆንም አልወጣም።»

«ዓይኔስ?»

«የዓይንዎ ጥቃቅን የደም ሥሮች ተጎድተዋል። አንዳንዶቹ ደምተዋል።»

«ሰሌዳ አያለሁ ወይ?»

እስክሪብቶዋን ከደነችው። «ያለውን ለመያዝ እንሞክራለን» አለች። «የሄደውን እመልሳለሁ አልልዎትም። ቀደም ብለው መጥተው ቢሆን…» ቀሪውን ተወችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው እንዳይሆንባት ይሆናል።

መርፌውን ተቀበለ። ቤት ውስጥ የምትወጋው እህቴ ነበረች። «ዕድሜ ልኬን የኖርኩት በመርፌ ነው፤ አንተን ብቻ ሳልሰፋ ቀርቼ ነበር» ትለዋለች። የመጀመሪያውን ስትወጋው ዓይኑን ጨፍኖ፣ የሾፌር ወንድሙን ስም እንደሚጠራ ሰው ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጠዋት ሲነሣ በሕይወት በመኖሩ ራሱ የተገረመ መሰለ። ዳቦ በላ። እህቴም በላች። የታጠፈውን ጨርቅ ከሱሪው ውስጥ እየፈታች አሰፋችው። ጉንጩ ሲሞላ ጎረቤቱ ሁሉ ዳነ አለ። ከውጭ ለሚያየው የዳነ ይመስል ነበር።

ዓይኑ ግን መንገዱን ቀጠለ። መጀመሪያ ጥቁር ክሮች፣ ከዚያ እንደ ጭስ ያለ ነገር፣ ከዚያ ጭሱ ወፈረ። ሰው ሲመጣ በእግር ኮቴው ያውቀዋል። ርእሰ መምህሩ ደግ ሰው ነበርና እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያስተምር ብሎ ተወው። በቃሉ ያስተምራል፤ የሚጻፈውን ተማሪ ይጽፋል። ቤተ ሙከራውን በእጁ ያውቀዋል፤ ጠርሙሶቹን በቅርፃቸው፣ አንዳንዱን በሽታው ይለያቸዋል። ልጆቹ ተለወጡ። ያ ቀልደኛው እንኳ የሚሰናከልበትን ወንበር ቀድሞ ያነሣለታል። ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሲረሳ አሁን ይነግሩታል። እንዲህ ስለወደዱት ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

የቅጠሉ ትምህርት ሲደርስ እሳቱን እንድጠብቅለት ጠራኝ። ሙከራው ቅጠል ፀሐይን እንደሚያከማች ማሳያ ነው። ከአንድ ዓይነት ተክል ሁለት ማሰሮ ይወሰዳል። አንዱ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲጠጣ ይከርማል፤ ሌላው ቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግቶበት ያከማቸውን ስታርች በልቶ እስኪጨርስ ይቆያል። ከሁለቱም አንድ አንድ ቅጠል ይቆረጥና በፈላ ውሃ ይነከራል፣ ከዚያ በአልኮል ውስጥ ሆኖ በሙቅ ውሃ ላይ ይሞቃል። አረንጓዴው ሁሉ ወደ አልኮሉ ይወጣና ቅጠሉ እንደ አሮጌ ወረቀት ይነጣል። አዮዲን ጠብ ሲደረግበት፣ ስታርች ያለው ይጠቁራል፤ የሌለው የአዮዲኑን ቡናማ እንደያዘ ይቀራል። ልጆቹ የትኛው ቅጠል ከየት እንደመጣ አልተነገራቸውም፤ እንደ ልማዱ።

እኔ እሳቱን ይዤለታለሁ እንጂ ሁሉንም የሠራው እሱ ነው። ቅጠሎቹን በጣቱ ዳብሶ ዘረጋቸው፣ አንዱን በቀኙ ሰሐን፣ አንዱን በግራው። አዮዲኑን ከቀኙ ጀመረ። መስኮት ላይ የነበረው ነው።

«የምታዩትን ንገሩኝ።»

«ጠቆረ!» አሉ በአንድ ድምፅ። እውነትም ሰማያዊ ጥቁር ሆኗል። ጋሼ ፊቱ በራ። ለብዙ ጊዜ ያላየሁት ፊት ነበር።

በግራው ላይ ጠብ አደረገ። ጠበቀ። «ይኸኛውስ?»

ቅጠሉ ቡናማ ነበር፤ መጥቆር የለበትም፣ ደግሞም አልጠቆረም። ልጆቹ ግን እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሙከራው የከሸፈ መሰላቸው። እጁ ስቶ የተሳሳተ ጠርሙስ ያነሣ መሰላቸው። ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ወደ ቀልደኛው ዞረች፤ እሱም ራሱን ነቀነቀላት።

«ይኸም ጠቁሯል ጋሼ» አለች፣ በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ።

«ይኸኛው? በግራዬ ያለው?»

«አዎ። ከዚያኛው የባሰ ነው የጠቆረው» አለ ቀልደኛው። ሌሎቹም «አዎ ጋሼ፣ በደንብ ነው የጠቆረው» አሉ። ማንም አልሳቀም። ሁሉም ደስ እንዲለው ፈልገው ነው፤ በፊታቸው ላይ ያየሁት ፍቅር ነበር።

ጋሼ ወደ ሰሐኑ ጎንበስ አለ፤ ፊቱ ቅጠሉን ሊነካ እስኪደርስ። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ ካለሁበት ትንሽ ፈንጠር ወዳለው ቦታ።

«ቁም ሣጥኑ ተከፍቶ አድሮ ነበር?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አልተከፈተም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ ያላዩትን እንደነገሩት ገብቶታል። የአዮዲኑን ጠርሙስ ክዳን ፈልጎ ከደነ። ጣቶቹን በጋዋኑ ጫፍ ጠረገ። ክፍሉ ከሱ አንድ ቃል ይጠብቃል፤ ለምን ሁለቱም እንደጠቆሩ እንዲያስረዳቸው እርሳሳቸውን አንሥተዋል። እሱ የጠረጴዛውን ጠርዝ በእጁ ተከተለ፣ ከጠረጴዛው ወደ ግድግዳው አለፈ፣ በግድግዳው እየተመራ በሩ ጋ ደረሰ። እጀታውን ወዲያው አገኘው። ሳይዘጋው ወጣ።